የአንገረቡ ቦታ

ስንፍናን ከዕረፍት የሚለይ ወንፊት እስካሁን አልተሠራም። ተሠርቶ ከሆነም ገዳሪፍ አልደረሰም። የሱዳኗን ገዳሪፍ በቀትር ላላያችኋት ልንገራችሁ፦ መንገዱ ጭር ይላል፣ የሰሊጥ ሽታ ከየግቢው ይነሣል፣ ከሩቅ የሚሰማው ሞተር እሹሩሩ የሚል ይመስላል። በዚያ ሰዓት የነቃ ሰው እንኳ ሕልም ላይ ያለ ይመስለዋል።

እኔ በዚያች ከተማ የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ነበረችኝ። ግቢዋ ውስጥ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ አንድ ሰፊ አንገረብ ነበር፤ በጠፍር የተጠለፈ የእንጨት አልጋ ማለቴ ነው። ሰሊጥ ያመጣ ገበሬ ዘይቱ እስኪወጣ እዚያ ላይ ጋደም ይላል። ዘይቱም የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውን የሰማ ይመስል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል።

ታዲያ ከመንገዱ ማዶ ሌላ መጭመቂያ ተከፈተ። ደንበኞቼን ሊወስድብኝ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ደግነቱ ካርቱም ፋብሪካ የሚሠራው የእህቴ ልጅ ሰኢድ መጣልኝ። ከፋብሪካው ያመጣው ትምህርት፣ እንደገባኝ፣ እንዲህ ነው፦ የማይጠቅም ነገር ይውጣ፣ የሚጠቅመው ቦታ ይኑረው፣ ሰውም ዕቃም በከንቱ አይጠብቅ። ግድግዳው ላይ የየመፍቻውን ቅርጽ በነጭ ቀለም ሣለ፤ መፍቻ ከጠፋ ባዶው ቅርጽ ያሳብቃል። የሰሊጡን ወንፊት ከመጭመቂያዋ ሞተር አጠገብ አመጣው፤ ጆንያ ተሸክሞ ወዲያ ወዲህ ማለት ቀረ። ሐሰት አልናገርም፣ ማታ ማታ ይወጣ የነበረው ዘይት ረፋድ ላይ መድረስ ጀመረ። ከዚያ ዓይኑ አንገረቡ ላይ ዐረፈ።

«ያ ኻል፣» አለኝ፤ ሱዳን ያደገ ስለሆነ አጎቱን የሚጠራው እንዲህ ነው። «ይሄ ምን ይሠራል?»

«መጠበቂያ ነዋ።»

«መጠበቅ እኮ ቀረ፣ ኸላስ!» ብሎ መጋዘን ከተተው።

ደንበኞቼ አመስግነው፣ ዘይታቸውን ይዘው ሄዱ። አልተመለሱም። አንድ ቀን ወደ ማዶ ባይ፣ ከቁረይሻ በሎሪ የሚመጡት የጥንት ደንበኛዬ ሼህ ኑሩ እዚያኛው ግቢ ተጋድመዋል። መንገዱን ተሻገርሁ።

«ሼህ ኑሩ፣ ምን በደልንዎት? የኛው እኮ ቶሎ ይደርሳል።»

«ወላሂ፣ እሱ እኮ ነው የከፋኝ!» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ዓመቱን ሙሉ ስዘራ፣ ሳርም፣ ሳራግፍ እኖራለሁ። ቤቴ ብተኛ ሰነፈ እባላለሁ። ዘይት እየጠበቀ ነው ከተባልሁ ግን ማን ይናገረኛል? ያችን እንቅልፍ ወሰዳችሁብኝ።»

ይህን ለሰኢድ ስነግረው ወደ መጋዘኑ ሄደ። ከዚያ አንገረቡን አወጣው። ትምህርቱን የሚከዳ ልጅ ስላልሆነ፣ መሬቱ ላይ ዙሪያውን በነጭ ቀለም አሰመረለት።

«የሚጠቅም ነገር ቦታ ይኑረው» አለ።

ሼህ ኑሩ ተመለሱ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ዘይቱ አሁንም ረፋድ ላይ ይደርሳል። ሰኢድ ጀሪካኑን ሞልቶ ከአንገረቡ ግርጌ ያስቀምጥና በእግሩ ጣት እየተራመደ ይመለሳል። ከቁረይሻ ባለቤታቸው ሲደውሉ ሼህ ኑሩ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «ገና ነው፣ እየጠበቅሁ ነው» ይላሉ። አላህ ይቅር ይበለን። ያን ጊዜ ከንቱ ነገር ሁሉ ይውጣ ያለው ሰኢድ ሮጦ ሄዶ፣ ባለቤታቸው እንዲሰሙ፣ ባዶዋን ሞተር ያስነሣላቸዋል።