ኩላሊቷ እንዴት አደረች?

ሰው ለሆድ ዕቃው ሲያዳላ ያስቃል። ልብ ያልተዘፈነላት ዘፈን የለም። አንጀት ይንሰፈሰፋል፣ ይበላል፣ ይርሳል። ሆድ ይባባል። ሐሞት እንኳ፣ ያ መራራ ነገር፣ «ሐሞተ ኮስታራ» ተብሎ ጀግና ይወደስበታል። ጉበትማ በጥሬዋም በጥብሷም ወዳጅ አላት። ኩላሊትስ? እስኪ እጮኛውን «ኩላሊቴ» ብሎ የጠራ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ልብ ያሰበውን ኩላሊት ያመላለሰውን እያሉ አልፎ አልፎ ስሟን የሚያነሡላት ቄሶቹ ብቻ ናቸው። እሷ ግን አትቀየምም። ሁለት ሆና ከጀርባችን ተሸሽጋ ቀን ከሌት ደማችንን ስታጥብ ትኖራለች። ችግሯ ዝምታዋ ነው። ስትታመም እንኳ አትናገርም። ጥርስ ብትሆን ኖሮ ሰፈሩን በሙሉ ታስነሣ ነበር።

የእኔዎቹም ትንፍሽ ሳይሉ ነው የሄዱት። ካዛንቺስ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፤ የሰው ፋይል ሲጠፋ ፈልጌ የማገኝ፣ የራሴ ነገር ሲጠፋ የማላውቅ ሰው ነኝ። ደም ግፊት እንዳለብኝ ከተነገረኝ ቆይቷል። መድኃኒቱን ግን ሲያመኝ ብቻ ነበር የምውጠው፤ ደም ግፊት ደግሞ አያምም። የቀረውን እናንተ ጨርሱት። እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ሲለኝ የወቀስኩት ጫማውን ነው። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው ቤቴ ስወጣ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ደግሞ ደረጃውን የሠራውን መሐንዲስ ረገምኩ። በመጨረሻ ባለቤቴ ሰላም እጄን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ የደሜን ውጤት አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየና፣ «በእግርዎ ነው የመጡት?» አለኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት፣ ደሜ በክንዴ ወጥቶ በማሽን እየታጠበ ይመለስ ጀመር። ዲያሊስስ ይሉታል። ማሽኑን አላማም፤ በሕይወት ያቆየኝ እሱ ነው። ግን አንድ ቀን ሽንቴ ቆመ። በቃ፣ ቆመ። ሽንት ከሌለ ደግሞ የጠጣችሁት ውኃ መሄጃ የለውም፤ ሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ ሳንባ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ውኃ የሚፈቀድልኝ በጉንጭ ሆነ። ሙዝ ተከለከልኩ፣ ብርቱካን ተከለከልኩ፣ ቲማቲም በልክ ተባልኩ። ክረምት ሲገባ መስኮቱ ጋ ቆሜ ዝናቡን የማየውን አስተያየት ብታዩ ታፍሩልኝ ነበር። ቆርቆሮው ሁሉ ሲጠጣ እኔ በረዶ እመጥጣለሁ፤ እሱም አንዲት ፍሬ።

አጠገቤ ካለው ወንበር ላይ የሚታጠቡት ሐጂ ከድር ነበሩ። የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ስልካቸው ከእጃቸው አይጠፋም፣ ስለ ኩላሊት ዓለም ላይ የተወራ ወሬ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እሳቸው ጋ ነው። አንድ ቀን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ «ጌታሁን፣ አሜሪካኖቹ የአሳማ ኩላሊት ሰው ላይ ገጠሙ» አሉኝ። የሰው ሰውነት እንዳይጣላው ተብሎ ዘረመሉ የተስተካከለ አሳማ ነው፤ ነገሩ ገና ሙከራ ላይ ነው።  እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ በብዙ ነገር የምንለያይ ሰዎች በአሳማ ላይ ግን ቃላችን አንድ ነው። ማሽኖቹ ብቻ ያጉረመርማሉ። ቆይተው ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልበላው እኮ አይደለም» አሉ።

«እኔም እሱን እያሰብኩ ነበር።»

«እኔ ሼኩን እጠይቃለሁ። አንተም የነፍስ አባትህን ጠይቅ።»

ነርሷ ሳቋን ልትደብቅ ወደ ግድግዳው ዞረች። ትሣቅ፤ እሷ ከቧንቧ ጠጥታ ነው የመጣችው። እኛ ግን ለአንዲት ብርጭቆ ውኃ ስንል ከአሳማ ጋር ልንታረቅ ደርሰን ነበር።

እኛ አገር ኩላሊት የሚፈቀደው ከቤተሰብ ነው። መጀመሪያ ሰላም እጇን አወጣች፤ ደሟ ከደሜ ጋር አልሄደም። «ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር እንዴት አልታወቀንም?» ብላ እያዘነች ሳቀች። ቀጥላ እታለም መጣች። እታለም የምላት ታላቅ እህቴን አሰገደችን ነው። እዚሁ ቡልጋሪያ ማዞሪያ ነው የምትኖረው፤ የባዮሎጂ መምህርት ናት። እናታችን ስታርፍ እኔ ዘጠኝ፣ እሷ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሳሎናችን ገብታ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ «የመጀመሪያውን ምርመራ ጨርሼ ነው የመጣሁት፤ ደማችን ይስማማል» አለችኝ።

«አልወስድም፣ እታለም።»

«ማን ጠየቀህ?»

እኔ ግን የምሬን ነበር። የልጅነት ልብሴን የሰፋችልኝ፣ ትዳሯን በእኔ ምክንያት ያዘገየች ሴት ናት፤ አሁን ደግሞ ጎኗን ከፍቼ ልውሰድባት? አንድ ነገር ብትሆን በየትኛው ዓይኔ ልጆቿን አያለሁ? አንድ ወር ሙሉ ስልኳን አላነሣሁም። የማታውቁት ነገር ቢኖር እታለም ስልክ ካልተነሣላት በአካል የምትመጣ ሰው መሆኗን ነው። ዲያሊስስ ክፍል መጣች። እኔ ደግሞ ከማሽን ጋር ታስሬ አራት ሰዓት የትም አልሄድም።

ከመምጣቷ በፊት ወጣቱን ሐኪሜን ይዛው ነበር። «ልጄ፣ ማባበያ አልፈልግም፤ ጥናት ስጠኝ» ስትለው፣ ኩላሊት ስለሰጡ ሰዎች የተጻፉ ወረቀቶች አትሞ ሰጣት። ሳምንት ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ስታሰምር ከርማ መለሰችለት፤ በዚያው ሆስፒታሉ ለታካሚ የሚያድለውን ባለ አማርኛ በራሪ ወረቀትም አርማ፣ የፊደል ግድፈቱን አክብባ፣ ከታች «ተመልሶ ይሠራ» ብላ ጽፋበታለች። ልጁ እስከ ዛሬ ሲያያት ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው።

እኔንም እንደ ተማሪ አስተማረችኝ። የምትቀረው አንዷ ኩላሊት ትንሽ ታድጋለች፣ የሄደችዋንም ሥራ ትደርባለች። በደንብ ተመርምረው የሰጡ ሰዎች ለዓመታት ሲከታተሏቸው አብዛኞቹ ደህና ናቸው፤ ብቻ ግፊታቸውን መጠበቅ፣ በየዓመቱ መታየት አለባቸው።

«ምንም አደጋ የለውም አላሉም» አለች። «ቢሉኝ አላምናቸውም ነበር። ትንሽ አደጋ አለው። አንተን እዚህ ወንበር ላይ ስታልቅ ማየት ግን ለእኔ ትንሽ አይደለም።»

ፊቴን አዞርኩ። በዞርኩበት በኩል ያሉት ደግሞ ሐጂ ከድር ናቸው። «ተቀበል እንጂ» አሉኝ፤ «ካልፈለግክ ወደዚህ አሳልፋት።» ተቀበልኩ። ምን አማራጭ ነበረኝ?

ምርመራው ሲቀጥል ሐኪሞቹ እታለም ክብደት እንድትቀንስ ነገሯት። ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲያስነጥስ ስትቆጣ የኖረች ሴት ስፖርት ጫማ ገዝታ፣ ነጠላዋን አገልድማ፣ በየማለዳው ከቡልጋሪያ እስከ ደምበል መመላለስ ጀመረች። ግማሹ ቂርቆስ ተማሪዋ ነው። የታክሲ ረዳቱ «ቲቸር፣ ምነው በሰላም?» ሲላት፣ ባለ ጋራዡ «ቲቸር፣ ላድርስሽ?» ሲላት፣ ለሁሉም የምትመልሰው አንድ ነው፤ «ለጌታሁን ኩላሊት እያዘጋጀሁለት ነው።» በወሩ መጨረሻ ቡልጋሪያ ማዞሪያ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች እጄን እየጨበጡ እንኳን ደስ ያለህ ይሉኝ ነበር።

ቀጥሎ ኮሚቴው አለ። ለጋሹ ተገዶ ወይም ተደልሎ እንዳይሆን የሚያጣሩ ሰዎች ናቸው፤ ደግ አደረጉ። እታለምን ለብቻዋ አስገብተው አንዱ በትሕትና፣ «ወይዘሮ አሰገደች፣ በዚህ ጉዳይ ያስገደደዎት ሰው አለ?» ሲላት፣ «እኔን?» አለች አሉ፤ «ዕድሜዬን ሙሉ እኔ ነኝ ሰው ሳስገድድ የኖርኩት። እሱን አስገብታችሁ ጠይቁት፤ የተገደደው እሱ ነው።» የኮሚቴው ጸሐፊ ይህን ቃል በቃል ይመዝግብ አይመዝግብ አላውቅም።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት በተሽከርካሪ አልጋ ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን አቆሙን። ሁለታችንም አረንጓዴ ቆብ አጥልቀናል። ያን ጊዜ ሳቅ ሁሉ ጠፋብኝ። እጇን ያዝኩት፤ እኔን ከትምህርት ቤት ይዞ ይመልሰኝ የነበረ እጅ ነው፤ ቀዝቅዟል። ለካ እሷም ፈርታለች። በሕይወቴ እታለም ስትፈራ አይቻት አላውቅም።

«አሁንም መተው ይቻላል» አልኳት።

 በነጻ እጇ ብርድ ልብሴን አስተካከለችና፣ «ፍርሃቴን ለሰው እንዳትነግር» አለችኝ። ወሰዷት። (ይኸው ነገርኩባት። ታነበዋለች፤ በቀይ ታሰምረዋለች።)

ስነቃ መጀመሪያ የሰማሁት የነርስ ድምፅ ነው። «ሽንት አለ» ትላለች። ዓይኔን ገለጥኩ። ከአልጋዬ ጎን በተንጠለጠለች ከረጢት ውስጥ፣ በቱቦ እየተንጠባጠበ፣ እንደ ጠጅ የጠራ ነገር ይወርዳል። የእኔ ነው። ሦስት ዓመት ተለያይተን የተገናኘን ያህል ተያየን። አዲሲቱን ኩላሊት ከሆዴ በታች በስተቀኝ ገጥመዋት፣ ገና ደም ሲለቁላት ነው አሉ ሥራ የጀመረችው፤ አስተዋውቁኝ እንኳ አላለችም። አሮጌዎቹን አልነኳቸውም፤ እዚያው ጡረታ ወጥተው ተቀምጠዋል።

ነርሷ በየሰዓቱ እየለካች ትጽፋለች፤ ሰላም ከመስታወቱ ማዶ ሆና ቁጥሩን እየተቀበለች በስልክ እንደ ኳስ ውጤት ታስተላልፋለች። ሰንጋ ተራ ላይ ጎረቤቶቻችን ለሽንቴ እልል አሉ። ለልጄ ክርስትና ያልተባለ እልልታ ነው። ሐጂ ከድር ደውለው፣ «ቀለሙስ?» ብለው ጠየቁ፤ ሲነገራቸው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። የእሳቸው የበኩር ልጅ ኩላሊቱን ሊሰጣቸው በዚያው ሳምንት ምርመራ ጀመረ።

ሐኪሙም ገብቶ፣ «ጋሽ ጌታሁን፣ ከእንግዲህ ውኃ በደንብ መጠጣት አለብዎት» አለኝ። ደግሞ በትእዛዝ። አንድ ሙሉ ብርጭቆ አመጡልኝ። አለቀስኩ፣ ጠጣሁ፣ ሁለተኛ አስቀዳሁ።

በማግስቱ ጠዋት እታለም ግድግዳ ተደግፋ፣ ጎኗን በእጇ ይዛ፣ ቀስ እያለች ክፍሌ ደፍ ላይ ደረሰች። ተነሥቼ ልስማት ስሞክር እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። ፊቴን አላየችም። ዓይኗ ከረጢቱ ላይ ነው።

«ኩላሊቷ እንዴት አደረች?» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ትደውላለች፤ ስለ እኔ ጠይቃ አታውቅም። ዛሬ ፀሐይ ነውና ውኃ ስጣት፤ ጨው አታብዛባት፤ መድኃኒቷን በሰዓቱ ዋጥላት። ይህኛውን በቀልድ አልወስደውም። ሰውነት የእሱ ያልሆነውን ዕቃ እንዳያባርር በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሰዓት ሳይዛነፍ፣ ዕድሜ ልኬን እውጣለሁ። ይህን መድኃኒት የሚያስቀር ዘዴ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች አሉ ይላል ሐኪሜ፤ ይቅናቸው። እስከዚያው ከእታለም ጋር ስንጣላ እንኳ፣ «በእኔው ኩላሊት እኔኑ ትቆጣለህ?» ትለኛለች። 

ባለፈው ሳምንት ሥራ ጀመርኩ። ካዛንቺስ እንደምታውቁት ግማሹ ፈርሶ ግማሹ እየተሠራ ነው፤ የማውቃቸው ጥጋጥጎች ሁሉ የሉም። ፊኛዬ ደግሞ ሦስት ዓመት ሥራ ፈትቶ ተጨማዶ ስለከረመ ብዙ አይችልም፤ በየግማሽ ሰዓቱ ይጠራኛል። ከታክሲ እንደወረድኩ ጠራኝ። የሕዝብ መጸዳጃው ከአስፋልቱ ማዶ ነው፤ ማቋረጫው ሩቅ ነው። ያገኘሁት ካፌ ዘው አልኩ።

«ሽንት ቤት ለተስተናጋጅ ብቻ ነው» አለችኝ ባለቤቲቱ፣ ጎልማሳ ሴት፣ ከባንኮኒው ኋላ።

ውኃ አዘዝኩ፣ ከእንጨት ጋር የታሰረውን ቁልፍ ተቀበልኩ፣ ደርሼ መጣሁ። ውኃው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀኛል፤ የሐኪም ትእዛዝ ነው፣ ጠጣሁት። ቁልፉን እንደገና ጠየቅሁ። ስመለስ ሁለተኛ ውኃ አዘዝኩ። በሦስተኛው ሴትዮዋ ክርኗን ባንኮኒው ላይ አስደግፋ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?»

ነገርኳት፤ ሁሉንም፣ ለእናንተ እንደነገርኳችሁ፣ አሳማውን ጭምር። ማኪያቶ የሚጠብቁ ሰዎችን ረስታ ሰማችኝ።

«እና የሰጡዎት እህትዎ አሁን ደህና ናቸው?»

«ከእኔ ትፈጥናለች። ወደ ክፍሏ ተመልሳለች፤ ተማሪዎቿ እንዲያርፉ አልፈቀደችም።»

ጥቂት አሰበችና መሳቢያዋን ከፈተች። እንጨት የሌለው አንድ ቁልፍ አውጥታ ፊት ለፊቴ አስቀመጠች። «ይሄን ይያዙት። ሲያልፉ ዝም ብለው ይግቡ፣ ማዘዝ አይጠበቅብዎትም።»

«ኧረ፣ ለእናንተስ?»

«ሁለት ነው ያለን፤ ለእኛ አንዱ ይበቃናል» አለች።

ሳቄ ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅም፤ ስፌቴን በእጄ ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ሴትዮዋ ምኑ እንዳሳቀኝ ሳይገባት አብራኝ ሳቀች። ሳቅ ደግሞ ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰው አደገኛ ነው። አዲሱን ቁልፌን ይዤ ሮጥኩ።