ለፊት ሙሉ በጀት፣ ለአንገት ግማሽ

ቤት ያለ ኮሚቴ አይጸናም። ይህን ጥልቅ ቃል የተናገሩት አማቼ፣ የባለቤቴ አባት፣ ናቸው። አማቼ በአንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የግዥ ክፍል ኃላፊ ሆነው ሲያገለግሉ አንድም ዕቃ በጊዜው ገዝተው አያውቁም፤ በዚህም የተነሳ አንድም ቀን ሳይከሰሱ በክብር ጡረታ ወጡ። እኔ ታላቅ ልጃቸውን ያገባሁ ነኝ። የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር፣ የምኖረውም እሳቸው ቤት ስለሆነ፣ የቤቱ ኮሚቴዎች ሁሉ ጸሐፊ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምተርከው በቃለ ጉባኤ የተያዘ ነው፤ የተጋነነ ነገር ካለበት እሳቸው ፈርመውበታል።

ነገሩ የተጀመረው በአማቴ፣ በአማቼ ባለቤት፣ ነው። አማቴ ጠመኔ ይዘው ሠላሳ አራት ዓመት የቆሙ መምህርት ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። ትምህርት ቤቱ ለጡረተኛ የሚሰጠው ትልቁ ክብር ፎቶውን በመስታወት አድርጎ ረጅሙ ኮሪደር ላይ መስቀል ነው። ክብሩስ ክብር ነው፤ ክፋቱ ኮሪደሩ የተማሪ መመላለሻ መሆኑ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የተሰቀሉት የሒሳብ መምህርት ለፎቶው ብለው የተቀቡት ፓውደር ከቆዳቸው ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ፊታቸው ብቻውን ነጥቶ ወጣ። ተማሪ ደግሞ ምሕረት አያውቅም። እኚያን የሚያህሉ፣ የአንድ ትውልድ ጭንቅላት ውስጥ የማባዛት ሠንጠረዥ የተከሉ ሴት፣ ዛሬ ስማቸውን የሚጠራ የለም። "ኖራ" ነው የሚሏቸው።

አማቴ በዚያ ኮሪደር በቀን ስድስት ጊዜ ያልፋሉ። እናም አንድ ቀን ምሳ ላይ እንዲህ አሉ፦

"እኔ ቁንጅና አላማረኝም። ብቻ ኖራ እንዳልሆን ፈራሁ። ፎቶው የዛሬ ሁለት ሳምንት ዓርብ ነው። ትንሽ ክሬም፣ ቆዳዬን የሚመስል ፓውደር፣ ለዚህ ለእጄም አንድ ነገር ቢገዛልኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ሰው መስዬ ብታይ ምን ይላችኋል?"

ሌላ ቤት ቢሆን አንዷ ልጅ ተነስታ ሱቅ ትሄድና ነገሩ ከሰዓት በኋላ ያልቅ ነበር። እኛ ግን ሥርዓት ያለን ሰዎች ነን። አማቼ ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ አፋቸውን በወጉ ጠርገው፣ "ኮሚቴ ይቋቋም" አሉ።

የቁንጅና ግብዓቶች ግዥ ኮሚቴ ሳህን ሳይነሳ ተቋቋመ። ሰብሳቢ እሳቸው፣ ጸሐፊ እኔ፣ አባላት ባለቤቴና ታናሽ እህቷ። አማቴ "እኔስ?" ብለው ነበር።

"ተጠቃሚ አካል ስለ ራሱ ጉዳይ አይወስንም" አሉ አማቼ በሐዘኔታ። "የጥቅም ግጭት ነው።"

አማቴ ሳህናቸውን ይዘው ተነሱ። በቃለ ጉባኤው "ተጠቃሚዋ በሐሳቡ ተስማምታ ወጣች" ብዬ ጻፍኩ።

"መጀመሪያ መርህ" አሉ አማቼ። "ያለችን ጥቂት ናት። ሁሉም ላይ ብንበትናት የትም አትታይም። ስለዚህ የሚታየው ላይ ልቀቅ፣ የማይታየው ላይ ጠበቅ።" እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ጥበብ እስከዛሬ በአንድ ቤት ብቻ ታፍኖ መቅረቱ ቆጨኝ።

"አባዬ፣" አለች ባለቤቴ፣ "ዋናው እኮ ከሥር የሚቀባው ነው። ጥሩ ክሬም ከሌለ ላዩ ይሰነጣጠቃል።"

"ከሥር ያለው ይታያል?"

"አይታይም፣ ግን..."

"ጸሐፊ፣ ክሬም፣ ቁጠባ።"

ጻፍኩ።

"ሽቶስ?" አለች ታናሽየዋ።

"ሽቶ በፎቶ ይሸታል?"

"አይሸትም። እማዬን ግን ደስ ይላታል።"

"ደስታ በፎቶ ይታያል?"

ልጅቷ አሰብ አደረገች። "አንዳንዴ ይታያል" አለች።

"አንዳንዴ የሚባል ቃል በግዥ መመሪያ ውስጥ የለም። ቁጠባ።"

ከዚያ የአማቴን አካል በየዘርፉ ከፋፈልነው። ፎቶው ከደረት በላይ በመሆኑ ለፊት ሙሉ በጀት ተፈቀደ። አንገት ግማሹን ኮሌታ ስለሚሸፍነው ግማሽ በጀት አገኘ። ጆሮን በሚመለከት ሰፊ ውይይት ተደርጎ፣ ጸጉሩ ወደ ኋላ ይያዝ ወይስ ይለቀቅ የሚለው ባለመታወቁ ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ። እጅ ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ድምጿ ተለወጠ።

"እጇን አይተኸው ታውቃለህ? ጠመኔ በልቶ ጨርሶታል። ጨርቅ ስትነካ እኮ ይይዛታል።"

አማቼ ክፉ ሰው አይደሉም። "በጣም አዝናለሁ" አሉ። "ሐዘኔም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። እጅ ግን ከፎቶው ክልል ውጭ ነው።"

ርካሽ ክሬም ይገዛ ተባለ እንጂ የትኛው ርካሽ የሚለው ገና ነበር። አማቼ እንደሚሉት ውድ ዕቃ ማንም ይገዛል፤ ርካሽ ግን በውድድር ነው። ሁለት ናሙና ቀረበ፤ አንዱ ቢጫ ቱቦ፣ ሌላው የቀለም ቆርቆሮ የሚያህል ትልቅ ብልቃጥ። ለቴክኒክ ግምገማ ገለልተኛ ፊት ተፈለገ። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

"አባባ፣ እኔ እኮ ሥራ እገባለሁ" አልኩ።

"ለዚህ ነው የተመረጥከው። ፊትህ ፀሐይም ቢሮም ያያል።"

አምስት ቀን ቀኝ ጉንጬን በቱቦው፣ ግራ ጉንጬን በብልቃጡ እየተቀባሁ ቢሮ ገባሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ሁለት ፊት እንዳለኝ ድሮም ያሙኝ ነበር፤ አሁን ማስረጃ አገኙ። በስድስተኛው ቀን ኮሚቴው መስኮት አጠገብ አስቀምጦ በማጉያ መነጽር መረመረኝ። ቀኙ እንዳለ ነው። ግራው ላይ ሰባት ብጉር ወጥቷል።

"ቱቦው ምንም አልሠራም" አሉ አማቼ። "ብልቃጡ ግን ውጤት አሳይቷል።"

"አባዬ፣ ብጉር ነው እኮ።"

"ውጤት ነው አልኩ እንጂ ጥሩ ነው አልኩ?" ብልቃጡ በብዛቱም በዋጋውም በልጦ አሸነፈ። አማቴ አንዴ የኔን ጉንጭ፣ አንዴ ብልቃጡን አይተው፣ ሳይከፍቱት አልጋ ሥር ገፉት። ከዚያም እንደ ወትሮው ፊታቸውን በሳሙና ታጥበው ቫዝሊናቸውን ተቀቡ።

ፎቶው ሊነሳ አምስት ቀን ሲቀር ወደ ዋናው ግዥ፣ ወደ ፓውደሩ ገባን። ሙሉ በጀት የተፈቀደለት እሱ ነው። ባለቤቴ ዝርዝር መግለጫውን አዘጋጅታ አመጣች፤ የመጀመሪያው መስመር "ቀለም፦ የእማዬን ቆዳ የሚመስል" ይላል። አማቼ እስክሪብቶ አውጥተው መስመሩን ሰረዙት።

"አባዬ! ፓውደር እኮ ቀለሙ ነው ሥራው።"

"ልጄ፣ ስሚኝ። አንድ ጊዜ ለቢሮ ግድግዳ 'ግራጫ ቀለም' ብዬ ጻፍኩ። ግራጫ የነበረው ነጋዴ አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለምን አዳላህ ተብዬ ኦዲተር ፊት ሁለት ዓመት ተመላለስኩ። ከዚያ ወዲህ ቀለም ጠቅሼ አላውቅም፤ ለዚህም ነው ዛሬ በሰላም የምተኛው።"

እንግዲህ በመጨረሻ የጸደቀው መግለጫ "ፊት ላይ የሚነሰነስ፣ ክብ፣ መስታወት የሌለው፣ ክዳኑ ወርቃማ" የሚል ሆነ። መስታወቱ የቀረው ቤት ውስጥ ሌላ መስታወት ስላለ ነው። በሦስት ሱቅ አዞርነው። ሁለቱ ሱቆች ሳቁብን። ሦስተኛዋ ባለ ሱቅ ግን ሰነዱን እስከ መጨረሻው አነበበች።

"ለማን ነው?" አለች።

"ለኮሚቴ" አሉ አማቼ።

"የኮሚቴው መልክ ምን ዓይነት ነው? ጠይም ነው፣ ቀይ ነው?"

"መልክ አይገለጽም።"

ሴትዮዋ ገባት። ወንበር ላይ ወጥታ ከላይኛው መደርደሪያ ጥግ አንድ ሣጥን አወረደች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ገዥ አጥቶ የኖረ መሆኑን አቧራው ይመሰክር ነበር። ክብ ነው። ክዳኑ ወርቃማ ነው። መስታወት የለውም። ዋጋው ደግሞ ከተፈቀደው በጀት ጋር ልክ እኩል ሆነ፤ አማቼ በጀቱን ጮክ ብለው ስለነገሯት ይሆናል።

ሐሙስ ቀን ቤት ደረሰ። ጸሐፊው ማለትም እኔ የርክክብ ቅጹን ፈረምኩ፤ ከዚያ ሣጥኑ ተከፈተ። ፈርሞ መክፈት እንጂ ከፍቶ መፈረም በአማቼ ዘንድ ልማድ አልነበረም።

ፓውደሩ ነጭ ነው። ሐኪም ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን ዓይነት ነጭ። አማቴ ጠጋ ብለው አዩት። ሠላሳ አራት ዓመት ከጥቁር ሰሌዳ ጋር የኖሩ ሴት ነጭ ሲያዩ አይሳሳቱም።

"ኖራ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለን ነበር። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው የተሰነጣጠቀ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ። "በቃ፣ ይቅርብኝ። አልነሳም። ስሜን ይዤ ልውጣ።" በዚያች ሰዓት የኮሚቴው ጸሐፊ መሆኔን ጠላሁት።

"ይመለስ" አለች ባለቤቴ።

"ርክክብ ተፈርሟል" አሉ አማቼ፣ ግን ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። ሣጥኑን ከደኑና ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

አማቴን በማግስቱ ከቤት ያስወጣቻቸው ታናሽየዋ ናት። "እማዬ፣ ኖራ ለመሆን እኮ መጀመሪያ መቀባት ያስፈልጋል" አለቻቸው። "ምንም ካልተቀባሽ ከየት ይመጣል?" ይህን የመሰለ የግዥ ሐሳብ ኮሚቴው ውስጥ አንድም ጊዜ አልቀረበም። አማቴ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ጸጉራቸውን ወደ ኋላ አሰሩና ሄድን።

ፎቶ አንሺው አንድ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳውን በጨርቅ ጋርዶ፣ መብራት ተክሎ ይጠብቃል። አማቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አንድ አነሳ፣ ሁለት አነሳ፣ አምስት አነሳ። በአምስቱም ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ይመስላሉ።

"እትዬ፣ ትንሽ ፈገግ ቢሉ?"

"ፈገግ ብያለሁ እኮ" አሉ። ፈገግ ግን አላሉም። ዓይናቸው በበሩ በኩል ወደ ኮሪደሩ፣ ወደ ሒሳብ መምህርቷ ነበር የሚያየው።

ይህን ጊዜ አማቼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ይቅርታ፣ ክፍያው በፎቶ ነው በሰው?"

"በፎቶ ነው አባቴ።"

"እንግዲያው ሁለት ሰው ቢገባበት አንዱ በነፃ ነው።" ወንበር ስበው ከአማቴ ጎን ተቀመጡ። ቁጠባ እስከ መጨረሻው ድረስ ማለት ይህ ነው።

ፎቶ አንሺው መብራቱን አየና "አባቴ፣ ግንባርዎ በጣም ያብረቀርቃል። ጠረግ ቢያደርጉት" አለ። አማቼ መሐረብ ፍለጋ እጃቸውን ኪስ ከተቱ፤ የወጣው ግን ወርቃማው ክዳን ነው። ትንሽ አሰቡ። "የተገዛ ንብረት ያለ አገልግሎት ሲቀመጥ ብክነት ነው" አሉና ነሰነሱት። ግንባር፣ ጉንጭ፣ አፍንጫ፣ አገጭ። የሚታየው ላይ ልቀቅ የሚል መርህ ያለው ሰው እንደሚያደርገው፣ አልሰሰቱም። መስታወት በመግለጫው ውስጥ ስላልነበረ ደግሞ የሚያዩበት አልነበራቸውም። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ በሙሉ ክብር፣

"እንዴት ነኝ?" አሉ።

አማቴ አዩዋቸው። መጀመሪያ ከንፈራቸውን ነከሱ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ሳቁ። እኔ እዚያ ቤት ስኖር ሰባት ዓመቴ ነው፤ አማቴ እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ ፊታቸው ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ። "አንተ ሰውዬ፣ ኖራ ሆነህ ልትቀር ነው እኮ" ብለው ያንን ጠመኔ የበላውን እጃቸውን ዘርግተው ጉንጫቸውን ሊጠርጉላቸው ሲሉ መብራቱ ብልጭ አለ።

ርዕሰ መምህሩ ከስድስቱ ፎቶዎች አንዱን ይምረጡ ብለው ለአማቴ ሰጧቸው። ለመምረጥ ኮሚቴ አላስፈለጋቸውም።

ዛሬ ፎቶው ኮሪደሩ ላይ ነው። በጀት ያልተመደበለት እጅ መሐል ላይ ጎልቶ ይታያል፤ በቃለ ጉባኤ አይታይም የተባለው ደስታም እንዲሁ። ተማሪዎቹ እዚያ ሲደርሱ ይቆማሉ። አማቴን "ሳቂታዋ ቲቸር" ይሏቸዋል። የሒሳብ መምህርቷም ስማቸው ተመልሶላቸዋል፤ "ኖራ" የሚለው ስም ባለቤት ተለውጧልና። አማቼ ባለፈው ሳምንት ዳቦ ሊገዙ ወጥተው፣ አንዲት ደብተር ያዘለች ልጅ "ጋሽ ኖራ፣ እንደምን አደሩ" አለቻቸው፣ በታላቅ አክብሮት።

ዳቦውን ሳይገዙ ተመለሱ። "ያ ፎቶ ይውረድ" አሉ ገና በር ላይ እንዳሉ። "ዛሬውኑ ደብዳቤ ይጻፍ።"

አማቴ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን ክሬም እየቀቡ ነበር፤ በጡረታቸው የመጀመሪያ ክፍያ፣ ያለ ጨረታ የገዙት ነው። ቀና አላሉም።

"እንዲህ ያለ ነገር እኮ በአንድ ሰው አፍ አይወሰንም" አሉ። "ኮሚቴ ይቋቋም። እኔ ሰብሳቢ፣ ልጆቹ አባላት።"

"እኔስ?" አሉ አማቼ።

"አንተማ ተጠቃሚ አካል ነህ" አሉ አማቴ በሐዘኔታ። "ጸሐፊ፣ 'በሐሳቡ ተስማምቶ ወጣ' ብለህ ያዝልኝ።"

ጻፍኩ።