ከአቧራ ያነሰው መሣሪያና ጋሽ አደሎ

እልል በሉልኝ! ስለ ናኖ፣ ማለትም ከአቧራ ስላነሰ ጦር መሣሪያ የጻፍኩት ጽሑፍ ቅዳሜ እዚሁ ቦንጋ፣ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ እንዲነበብ ተመረጠ።

አንባቢዎቼ፣ ጣቱ ያልዳሰሰውን የማያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጥበቃችን ጋሽ አደሎ እንደዚያ ናቸው። ከማንኪራ ማር ይዞ የመጣ ወላጅ እንኳ ክዳኑን ሳይከፍት አያልፍም። ትናንት ለልምምድ ስገባ ወረቀቴን ተቀብለው አነበቡና ፊታቸው ተለዋወጠ።

“አንቺ ልጅ፣ ከአቧራ ያነሰ መሣሪያ በምን ይፈተሻል?”

“መፈተሻ ገና አልተገኘለትም፣ ጋሽዬ። መድኃኒት የሚሠራበት ብልሃት መሣሪያም ስለሚሠራ መለየቱ ራሱ አስቸግሯል።”

“እንግዲያው ቅዳሜ ማንም አይገባም!”

ለባዶ ወንበር ላነብ ነው? ወዲያው የፊዚክስ መምህራችን ደረሱ። ጋሽ አደሎ አስቁመዋቸው የመምህሩን ኪስ ብናኝ በራሳቸው መዳፍ ላይ አራግፈው ሲመረምሩ፣ መምህሩ አስነጠሱ። ተጠርጣሪው በነነ።

“ጋሽዬ፣ የዓለም መንግሥታትም እኮ መፈተሻው ጠፍቷቸዋል” አልኳቸው።

“እነሱንም?” ፊታቸው በራ። “ታዲያ ተሰብስበን እንምከርበታ! በይ፣ ሰው ይግባ።”

እናንተም በአካባቢያችን ካሉት ከሺሺንዳም ከደካም ኑ። ለዚህ መሣሪያ መላ ያለው ሰው ሐሳቡን ይዞ ይምጣ፤ ሐሳብ እንደሆነ በር ላይ አይፈተሽም።