ቀንድ ያለው ሽማግሌ

ከወሎ አስፈሪ ፊልም አይወጣም! ቁርጡን ልንገራችሁና እረፉ። ደምም ቀቡ፣ ጭራቅም ፍጠሩ፣ ጉም እስኪወርድም ጠብቁ... አይወጣም። ሰው ጭራቅ ሲያይ መጀመሪያ መጮህ፣ ቀጥሎ መሮጥ አለበት። እኛ ዘንድ ግን ከሁለቱም በፊት ሰላምታ አለ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሰብሉ ተጠያይቀን እስክንጨርስ ጭራቁም ይሰለቻል፣ የካሜራውም ባትሪ ያልቃል። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። ጭራቁ ራሴ ሆኜ አይቼው ነው።

አዎ፣ ጭራቁ እኔ ነበርኩ። መሳቅ የፈለገ አሁኑኑ ስቆ ይጨርስ፤ ወሬው ገና ነው።

ነገሩ የመጣው በወንድሜ ልጅ በምስጋናው ነው። ወንድሜ ካረፈ ጀምሮ ምስጋናው እኔ ቤት ነው ያደገው። ልጅ ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ መካነ ሰላም ወደነበረች አንዲት ቪዲዮ ቤት እየወሰድኩ ርካሽ የጭራቅ ፊልም አሳየው ነበር። ታውቋቸው የለም? ጭራቁ ከባሕር ሲወጣ የጀርባው ዚፕ የሚታይበት፣ ከተማ ሲያፈርስ ከተማው ካርቶን መሆኑ የሚያስታውቅበት... አንዱ ጭራቅ እንዲያውም የእጅ ሰዓት አስሮ ነበር። ሰው ሊበላ እጁን ሲያነሳ ሰዓቱን ያየ መስሎን እኔና ምስጋናው ከአግዳሚው ላይ ልንወድቅ ምንም አልቀረን። አባቱ ከሞተ ወዲህ ልጁ ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ወሰድኩት። ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ለልጅ ያወረስኩት እውቀት ይኸው ነው እንግዲህ!

አድጎ ሠርግ የሚቀርጽ ሆነ። ዘንድሮ ደግሞ የራሴን ፊልም እሠራለሁ ብሎ ተነሳ። ካሜራው ስልኩ፣ ተዋናዮቹ ጎረቤቶቻችን፣ ታሪኩ ከገደል ወጥቶ መንደር ስለሚበላ ጭራቅ። በቁመት እኔን የሚያህል ስላልተገኘ ጭራቅነቱ ለእኔ ተሰጠኝ፤ እኔም እንደ ሹመት ቆጥሬ ተቀበልኩ።

ልብሱን ሦስት ወር ሙሉ በእጁ ሰፋው። ገላው የበግ ቆዳና ከአቀስታ የመጣ ወፍራም የሱፍ ባና ነው። ቀንዱ የእውነት የበሬ ቀንድ፣ ዓይኖቹ የባጃጅ ፍሬቻ፣ ጥርሶቹ ከቢጫ ጀሪካን ተቆርጠው የሾሉ። አፉ ሁልጊዜ እንደተከፈተ ነው፤ እኔም የማየውም የምተነፍሰውም በዚያው አፍ በኩል ነው።

እሁድ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብለን ገደሉ አፋፍ ላይ ቀረጻ ጀመርን። አሥር የሚሆኑ ጎረቤቶች ሣሩ ላይ ተቀምጠው ይጨዋወታሉ፣ እኔ ከገደሉ ብቅ እላለሁ፣ እነሱ ጮኸው ይበታተናሉ። ብቅ አልኩ። አገሳሁ። አሥሩም ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና በአንድ ድምፅ «ኖር!» አሉኝ።

እኔም ልማድ ሆኖብኝ፣ የጀሪካን ጥርሴን እንዳገጠጥኩ፣ «በእግዜር» አልኳቸው።

ምስጋናው ለመናቸው፤ እንደገና ተቀረጸ። እንደገና ተነሱ። በሦስተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ፣ ልጆቻቸውን ያስተማረ ሰው ከገደል ሲወጣ ቁጭ ብለው ማየት እንደማይሆንላቸው በትሕትና አስረዱን። በአራተኛው አንዲት እናት ለመጮህ ብለው አፋቸውን ከፈቱና ድንጋዩ እንዳያደናቅፈኝ አስጠነቀቁኝ። በአምስተኛው ምስጋናው ስልኩን ዝቅ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ገደሉን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ፊልሙን «አስፈሪ» ማለቱን ትቶ «አስፈሪ ኮሜዲ» ይለዋል።

ሰላምታው ሲያባራ ንፋሱ ተነሳ። በሮጥኩ ቁጥር የጭራቁ ጭንቅላት እየወለቀ ይንከባለላል። ምስጋናው ተናዶ ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ማስቲሽ አመጣና ጭንቅላቱን ከልብሱ አንገት ጋር ልጥፍ አድርጎ አጣበቀው። ጺሜንና የማጅራቴን ፀጉርም አብሮ ማጣበቁን ያወቅነው ቀረጻው አልቆ ሊያወልቅልኝ ሲጎትት፣ ጠዋቱን ሙሉ ጎረቤቶቻችንን ስንለምን የቆየነውን ጩኸት እኔው ራሴ ስጮህ ነው።

አሁን ጉዱን ስሙኝ። በዚያው ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ሽማግሌ ሆኜ ልጅ ልጠይቅ ቀጠሮ ነበረኝ። ለማን? ለዚሁ ለምስጋናው!

ሰብለ ትባላለች። አባቷ አቶ አያሌው የቆዳና ሌጦ ነጋዴ ናቸው፤ በአካባቢው ካለ ገበያ ሁሉ እሳቸው ያልዳሰሱት የበግ ቆዳ የለም። ሁለት ጊዜ ሄደን ሁለት ጊዜ መልሰውናል። ምክንያታቸው አንድ ነው፤ እጁ ሥራ ለማያውቅ፣ ስልክ ይዞ ጭራቅ ሲያሳድድ ለሚውል ሰው ልጄን አልሰጥም። በሁለቱም ጊዜ ስንገባ ከመቀመጫቸው ንቅንቅ አላሉም፣ ይህም ለእኛ አገር ሰው ከስድብ ይከፋል። ይሄኛው ሦስተኛው ነበር። ከሦስተኛው በኋላ ሽማግሌ አይላክም፤ ሰብለ ደግሞ ያለ አባቷ ምርቃት ከቤቷ እንደማትወጣ ነግራዋለች። ልጁ ከጭንቀቱ የተነሳ ከስቶ ሱሪው በቀበቶ ነው የቆመለት። የአባቱም ምትክ፣ የጉዳዩም ተናጋሪ እኔ ስለሆንኩ መቅረት አይቻልም።

አብረውኝ የሚሄዱት መሪጌታ ጥበቡና ሸህ እንድሪስ ቤቴ ደረሱ። መሪጌታ በር ላይ ሲያዩኝ አማተቡ። ሸህ እንድሪስ ግን ቀረብ ብለው በጭራቁ አፍ ውስጥ አጮልቀው፣ «ኧረ በነቢ... መምህር፣ ውስጥ አሉ?» አሉኝ።

አለሁ አልኳቸው። ሦስቱም ቀንዴን ይዘው ጎተቱ፤ እንባዬ መጣ እንጂ ጭንቅላቱ አልመጣም። ምስጋናው ቢላዋ አመጣ፤ አንገቴ አጠገብ ቢላዋ ይዞ የሚንቀጠቀጥ ሙሽራ አልፈልግም ብዬ መለስኩት። ሸህ እንድሪስ ቅቤ ይፍሰስበት አሉ፣ መሪጌታ ጾም ነው አሉ፣ ሸህ ጭራቅ ይጾማል ወይ ብለው ጠየቁ፣ መሪጌታ ውስጡ ያለው ይጾማል ብለው መለሱ... በዚህ መሃል ሰዓቱ እየሄደ ነው። በመጨረሻ በዘይት ተስማሙና አንድ ኩባያ ሙሉ የምግብ ዘይት በአንገቴ በኩል አንቆረቆሩብኝ። ምንም የለም። ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ጋቢ ከነቀንዴ ተከናነብኩና ጥርሱን ታሟል ተብሎ ተወሰነ። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ ቀንዴን ወደ ውስጥ እንዳስገባ ብቻ ነው የነገረኝ። አላልኳችሁም?

አቶ አያሌው እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው ጠበቁን። እኛም እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን። እኔን ትኩር ብለው አዩኝና፣ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ራሱን ተከናንቦ እንደማይቆም ተናገሩ። እውነታቸውን ነው። መሪጌታ ስለ ጥርሴ ሕመም ሊጀምሩ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ። ሁለት ጊዜ የመለሱን ሰው ፊት በሦስተኛው ልዋሽ አልፈለግሁም። ጋቢውን ገፈፍኩት።

የፍሬቻ ዓይኖቼ በመስኮቱ ብርሃን ብልጭ አሉ። አቶ አያሌው ሳያስቡት ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና «ኖር!» አሉ። በሁለት ሽምግልና ለሰው ያልተነሱት ሰውዬ ለጭራቅ ተነሱ!

ከዚያ ወዲያ ፍርሃቴ ሁሉ ለቀቀኝ። «አቶ አያሌው፣» አልኩ፣ «የመጣሁት ለመቀለድ አይደለም። ልጁ አባት የለውም፣ አባቱ እኔ ነኝ። ይሄ ነገር ከራሴ ላይ እምቢ አለኝ። መልኬ ቢያሳፍረኝም መቅረቱ ባሰብኝ።»

አቶ አያሌው ቀረብ አሉ። ዞሩኝ። ትከሻዬ ላይ ያለውን ጸጉር በጣታቸው ገለጥ አደረጉ፣ ጫፉን ገልብጠው የቆዳውን ውስጥ አዩ፣ አሸተቱ። ገበያ ቆመው እንደሚያደርጉት ስፌቱን በአውራ ጣት ጥፍራቸው እየተጫኑ ከብብቴ እስከ ወገቤ ወረዱ። ሰው በቁሙ እንዲህ ሲገመገም ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ በግ ብቻ ነው።

«ይሄን ማን ሰፋው?»

«ምስጋናው።»

«በመኪና?»

«በእጁ። ሦስት ወር ፈጀበት።»

በሁለት እጃቸው ቀንዴን ያዙና ጎተቱ። አንገቴ ጮኸ። እግራቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ደገሙት፤ እኔም አብሬ ተጎተትኩ እንጂ ጭንቅላቱ አልተነቃነቀም። አቶ አያሌው እያለከለኩ ተቀመጡ። ግንባራቸውን ጠረጉ።

«እኔ የመለስኳችሁ እጁ ሥራ አያውቅም ብዬ ነበር፣» አሉ። «እጁስ ያውቃል። የያዘውን እንዲህ አድርጎ የማይለቅ ከሆነ ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ከጓዳ የሰብለ እናት እልልታ ቀለጠ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ... ለማመስገን ከወገቤ ዝቅ አልኩ። ያን ጊዜ ነው ማጅራቴ ላይ ቀዝቃዛ አየር የተሰማኝ። ያ ዘይት፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ተኝቶ የቆየው ዘይት፣ ሥራውን ጨርሷል! ጭንቅላቱ ከላዬ ሊንሸራተት ሲል ቀንዶቹን በሁለት እጄ ቀለብኩ።

አስቡት እስቲ። ሰውዬው ልጃቸውን የሰጡት አይለቅም ብለው ነው። ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ ገና አንድ ደቂቃ አልሞላውም፣ ጭንቅላቱ ደግሞ ለቀቀ።

መሪጌታ ነገሩ ገባቸውና የሰዉን ዓይን ከእኔ ለማራቅ ምርቃት ጀመሩ። ሸህ እንድሪስ ተቀብለው ዱኣ አደረጉ። ምርቃት ደግሞ እጅ ተዘርግቶ ነው የሚቀበሉት። ቤቱ ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ አሜን ሲል እኔ ብቻ ሁለት ቀንድ ጨብጬ አሜን እላለሁ። ለዘር ተመረቅን፣ ለሀብት ተመረቅን፣ ለዝናብ ተመረቅን... ክንዴ ዛለ።

ቀጥሎ ማዕድ ቀረበ። ጾም ስለነበር ከሸህ እንድሪስም የሚያለያየን አልነበረም፤ ምስር ወጥ ነው። ለሁሉም ተቆረሰ፣ እኔ ግን እጄን ከቀንዴ ላይ ማንሳት አልችልም። አቶ አያሌው ይህን እንደ ኩራት ሳይሆን እንደ ይሉኝታ ቆጠሩልኝ መሰለኝ፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ተነሱ። የአማች ጉርሻ እምቢ አይባልም። እጃቸው በጀሪካኑ ጥርሶች መሃል ገባ፣ ክንዳቸው ጥርሱን ነካ፣ ጭንቅላቱም በአራት ጣት ያህል ወደ ግራ ዞረ።

እጃቸው ቆመ። ከዚያ ጉርሻው መንገዱን ቀጥሎ አፌ ደረሰ፣ እጃቸው ተመልሶ ወጣ፣ እሳቸውም ተቀምጠው የዘንድሮ በግ ቆዳው መሳሳቱን ለመሪጌታ ያወሩ ጀመር። አልነቁም አልኩ በሆዴ፤ ምስሩንም በሰላም ዋጥኩ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠና ለመሄድ ተነሳን። አቶ አያሌው በሁለቱ የቀደሙ ቀናት ከወንበራቸው ሆነው ነበር ያሰናበቱን፤ ያን ቀን ግን እስከ አጥሩ በር ድረስ ሸኙን። ሁለቱን አስቀደሙና እኔን ወደ ኋላ አስቀሩኝ። ጆሮዬ ይኖርበታል ወዳሉት ቦታ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፤

«መምህር፣ ጠበቅ አድርገው ይያዙት። ውጪ ንፋስ አለ፤ እናቷ ደግሞ በመስኮት እያየች ነው።»