ያልተበላው ራሽን

በድርቁ ዘመን ተሰድጄ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ አቅራቢያ ካለ መጠለያ ስደርስ፣ ጸሐፊ እንደነበርኩ ስለታወቀ የራሽን ካርድ መዝጋቢ አደረጉኝ። ለመሆኑ እውነተኛ ቆጣቢ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በሥራ ዘመኔ ወረቀትን በሁለት ገጹ የጻፍኩ ሰው ነኝ፤ እዚያው ከተጠለሉት ከእመት ጥሩነሽ ጎን ግን አባካኝ ነበርኩ። እሳቸው የክብሪት እንጨት በምላጭ ለሁለት ይሰነጥቃሉ። ማሽላ ያጠበው ውሃ ፊት ያጥባል፣ ከዚያ ጨርቅ፣ በመጨረሻም የድንኳኑን አቧራ ያበርዳል። እኔስ በኋላ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ያ ውሃ ግን ጡረታ አያውቅም ነበር።

አንድ ቀን የመጋዘኑ ሹም በእመት ጥሩነሽ ድንኳን ውስጥ አንድ ጣሳ ሙሉ ማሽላ አገኘ።

«እህል የተረፈው ሰው አልተራበም፤ ካርዱን ሰርዝ» ብሎ አዘዘኝ።

«አያ ጸሐፊ» አሉኝ እመት ጥሩነሽ፣ «በልቼ ጨርሼው ቢሆን ካርዴ አይሰረዝም ነበር?»

«አዎን፣ አይሰረዝም ነበር።»

«እንግዲያ ጥፋቴ አለመብላቴ ነው። ከየድስቱ እፍኝ እፍኝ የቀነስኩት ዝናቡ ሲመለስ አገሬ አርማጭሆ ገብቼ እዘራዋለሁ ብዬ ነው።»

ለመጠለያው ኃላፊ አቤቱታ ልጽፍላቸው ሙሉ ወረቀት ሳነሳ «ግማሹ አይበቃም?» አሉኝ። በቃ።

ኃላፊው በዚያው ግማሽ ወረቀት ጀርባ መለሰ፤ እህሉ ዘር እንጂ ትርፍ ስላልሆነ ካርዳቸው እንዲመለስ ወሰነ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 12 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር።