ጥይት የማይበሳው ሰደርያና ዶክተር ውብሸት

ሰው ጫማ ሲገዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መርካቶም ይሁን እዚሁ ጁባ ማላኪያ ገበያ፣ ጫማ ገዢ አንድ እግሩን አጥልቆ ይቆማል፣ ወዲያና ወዲህ ይራመዳል፣ ጣቱን ከተረከዙ ኋላ ሰዶ ይለካል፣ "ትንሽ ይይዘኛል" ብሎ ሌላ ቁጥር ያስወጣል፣ ሻጩን በላብ ካጠመቀ በኋላም "ዞሬ እመጣለሁ" ብሎ ውልቅ ይላል። ጫማ እንግዲህ ቢበዛ ተረከዝ ይልጥ ይሆናል እንጂ ነፍስ አያስወጣም። ይኸው ሰው ታዲያ ነፍሱን ከጥይት የሚያስጥልለትን ሰደርያ ምረጥ ሲባል ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? ለበዓል በግ እንደሚገዛ ሰው ጀርባውን ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ ብድግ አድርጎ ክብደቱን ይመዝናል። ከበደው ማለት ጥሩ ነው። ከዚያ ኪሶቹን ይቆጥራል። አለቀ።

ይህን የማውቀው በሥራዬ ነው። ቶንፒንግ ሰፈር ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ግቢ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ግምጃ ቤት ስል ኮንቴይነር ማለቴ ነው። ሰላሙ ከተፈረመ ወዲህ ጁባ የገባን ሰዎች የምንሠራውም የምንተኛውም ኮንቴይነር ውስጥ ስለሆነ ለቃሉ ማማር ስንል ቢሮ፣ መኝታ፣ ግምጃ ቤት እንለዋለን። ከመኪና ጎማውና ከወባ አጎበሩ ማዶ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ሰማያዊዎቹ ሰደርያዎች አሉ። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ከጁባ የሚወጣ ሰው ሁሉ ልኩ የሆነ ሰደርያ ይለብሳል፤ ልኩ መሆኑን የሚያረጋግጠው ደግሞ ግምጃ ቤቱ ነው። እኔ "አልሆነህም" ካልኩ ፈረንጁ ዳይሬክተራችን ራሱ መኪና ውስጥ አይገባም። በሕይወቴ የደረሰኝ ሥልጣን ይህች ብቻ ስለሆነች እንደ እንቁላል ነው የያዝኳት።

ሰደርያው ብቻውን የሽጉጥ ጥይትና ፍንጣሪ ይይዛል። ለጠመንጃ ግን ከፊትና ከኋላ ፕሌት የምንለው ጠጣር ገበታ ይከተትበታል። ፕሌቱ የሚያክለው አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት ነው፤ የአንገት አጥንቶች ከሚገናኙበት ጎድጓዳ ጀምሮ ከእምብርት በላይ ያበቃል። የሚጠብቀው ልብንና ሳንባን ነው። ይህን ስነግራቸው ያገሬ ልጆች ቅር ይላቸዋል። "ሆዴስ?" ይሉኛል። እሺ ብለው ይወጡና በሩን እንዳለፉ የትከሻውን ማንገቻ አላልተው ሰደርያውን ወደ ታች ይስቡታል፤ ልባቸው ሜዳ ላይ ይቀርና ሆዳቸው ምሽግ ይገባል። አልፈርድባቸውም። ሰው የሚጠብቀው የደከመበትን ነው።

የኪሱን ነገር አታንሱብኝ። ኪሶቹ የተሠሩት ለቁስል ማሰሪያ፣ ለሬዲዮ፣ ለውሃና ለባትሪ ነው። የቁስል ማሰሪያው በግራም በቀኝም እጅ በሚደረስበት ቦታ መሆን አለበት፤ ከሁለቱ እጆች የትኛው እንደሚመታ አስቀድሞ የሚናገር የለምና። ኮሎሎ ሰፈር አብሮኝ የሚኖረው የሒሳብ ሠራተኛችን ጌታቸው ግን አንድ ቀን ሲፈተሽ ከኪሶቹ ምን ወጣ? የሁለት መሥመር ሁለት ስልክ፣ ሚጥሚጣ በብልቃጥ፣ ሶፍት፣ የጥፍር መቁረጫ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ ግማሽ የብስኩት እሽግ። የቁስል ማሰሪያውስ ብዬ ብጠይቀው "ቦታ አጣበበብኝ" አለኝ። ቢቆስል በሶፍት ሊታሰር አስቦ እንደሆነ እንጃ።

አሁን ስለ ራሴ ጥቂት ልንገራችሁ። ኮሎሎ ያሉት ጓደኞቼ ታሪኩን ከመልመዳቸው የተነሳ ስጀምረው እነሱ ይጨርሱት ነበር፤ እናንተ እንኳ እስከ መጨረሻው ስሙልኝ።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ጂኦሎጂ ነው፤ ከክፍላችንም አንደኛ ወጣሁ። ያን ጊዜ አንደኛ የወጣ ተማሪ በትምህርት ክፍሉ ረዳት መምህር ሆኖ ይቀር ነበር፤ ቀጥሎ ውጭ አገር ይላካል፣ ዶክተር ሆኖ ይመለሳል። የክፍሉ ኃላፊ ጠርተው "ቦታው ያንተ ነው፤ ክረምቱን እረፍበት" አሉኝ። አረፍኩበት። መስከረም ላይ ስመለስ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ውብሸት ነበር። ውብሸት የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ ደግ፣ ሳቂታ፣ የመስክ ሥራ ስንወጣ የእኔን ንድፍ ተውሶ የሚገለብጥ። የአክስቱ ባል ደግሞ ቃላቸው የማይመለስ ሰው ነበሩ። ለእኔ የተሰጠኝ መልስ "የበጀት ጉዳይ ነው" የሚል ሲሆን፣ ማዕድን በሌለበት ወረዳ የማዕድን ባለሙያ አድርገው መደቡኝ። ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገዴን አትጠይቁኝ፤ ፍጻሜው የዚህ ኮንቴይነር በር ነው።

ባለፈው ክረምት የጉድጓድ ውሃ የሚያጠና አማካሪ ይመጣል ተባለ። መጣ። ዶክተር ውብሸት።

ሲያየኝ ሮጦ አቀፈኝ። "አንተ ሰለሞን፣ እዚህ ነው እንዴ ተደብቀህ ያለኸው?" አለኝና ወደ ዳይሬክተሩ ዞሮ በእንግሊዝኛ የክፍላችን አንደኛ ተማሪ እንደነበርኩ፣ ያለ እኔ አንድም ፈተና ባላለፈ እንደነበር አወራለት። ዳይሬክተሩ ማንበብ የምትችል ፍየል ግቢው ውስጥ እንዳገኘ ሰው አየኝ። ውብሸት ወፍሯል፤ ሳቁ ግን ያው ነው። ስለዚያ ወንበር አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

እኔ ከዚህ ሰው የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ይቅርታ አላልኩም፣ ካሳም አላልኩም። "ቦታው ያንተ ነበር" እንዲለኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከአፉ ሰምቼ ብሞት ግድ የለኝም ብዬ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ። ከጁባ ወጥተን ወደ ተረከካ ከተማ ወርደን ጉድጓዶቹን የምናሳየው ደግሞ እኔና ሾፌራችን ጋትሉዋክ ነበርን። መንገዱ ረጅም ነው፤ መኪና ውስጥ ማምለጫ የለም፤ አወጣዋለሁ አልኩ።

መጀመሪያ ግን ሰደርያ ማልበስ ነበረብኝ። ማርያምን፣ ከቂም የጸዳ ሥራ ነው የሠራሁት። ደረቱን ለካሁ፤ ልክ የሚወጣው በደረት እንጂ በቦርጭ አይደለም። ከአዲሶቹ ቀላል ፕሌት ካላቸው ልኩን መርጬ፣ የቁስል ማሰሪያና ሬዲዮ ብቻ አስይዤ አለበስኩት። ቀለለው። ቀለለኝ ማለት ግን ለእኛ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዓይኑ ወደ ጥግ ሄደ። እዚያ የኔ ሰደርያ ተሰቅሏል፦ የብረት ፕሌት ያለው የድሮ ዓይነት፣ ለኔ ሰፊ ደረትና ለኔ ቁመት የሆነ፣ ኪሶቹ በገመድ፣ በመፍቻ፣ በባትሪ፣ በፊውዝ ያበጡ።

"ያኛውስ?" አለ።

ያኛው የኔ እንደሆነ፣ አሮጌ እንደሆነ፣ ለቁመቱ እንደማይሆን፣ ብረቱ ሲቀመጥ አገጩን እንደሚመታው አስረዳሁት። ውብሸት ሳቀ። የግቢው ሰው በር ላይ ቆሞ ያያል።

"ሰሌ፣ ምርጡን ለራስህ አስቀርተህ ቀላሉን ለእንግዳ ትሰጣለህ?"

ይህን የሚለኝ ማን ነው? ውብሸት። ለእኔ። ሰዉ ሳቀ፤ ጌታቸውማ እንባው እስኪወርድ። እምቢ ብል ቂመኛ፣ እሺ ብል ደንብ ጣሽ። የኔን አጠለቅኩለትና ቁጭ በል አልኩት፤ ተቀመጠ። እጅህን አንሳ፤ አነሳ። የጫማህን ክር እሰር፤ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ አሰረ። "ልኬ ነው" አለ። ዘለበቶቹን እስከ መጨረሻው ጥርቅም አድርጌ አጠበቅኩለት። እኔ ከአዲሶቹ ሰፊውን ለበስኩ። ላባ ነው። እስከ ዛሬ ለምን ለእንግዳ እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

ጋትሉዋክ ያደገው ጋምቤላ ነው፤ አማርኛው ከእኛ ይበልጣል፣ በተለይ ለነገር ሲፈልገው። ገና ከከተማ ሳንወጣ በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየና "ዶክተር፣ ጢምዎን ልላጭዎ?" አለ። እውነቱን ነው፤ ብረቱ አገጩን ወደ ላይ ቀስሮት ዶክተሩ ጣሪያውን እያየ ነው የሚጓዘው። ወሬ ጀመርኩ። ስለ ዩኒቨርሲቲው አነሳሁ። ስለ ክፍሉ ኃላፊ አነሳሁ። "እህ" ይላል፤ ሌላ ትንፋሽ የለውም። እኔ ስንት ዓመት የተዘጋጀሁበትን ሰው የገዛ ሰደርያዬ ዝም አሰኘብኝ።

የክረምት ዝናብ የጠጣ የዚያ አገር ጥቁር አፈር መኪና ሲያገኝ አይለቅም። ከግማሽ መንገድ በላይ ሄደን ተቀረቀርን። ጋትሉዋክ "ማፊ ሙሽኪላ" አለ፤ በጁባ ዐረብኛ ችግር የለም ማለት ነው፤ የሚባለው ግን ሁልጊዜ ችግር ሲኖር ነው። መኪናው እንዲቀለው ውረዱ ተባልን። እኔ ወረድኩ። ዶክተሩ አንድ እግሩን አወጣ፣ ጭቃው ያዘው፣ ሌላውን አወጣ፣ እግሩን ሊያይ ቢሞክር ብረቱ አላሳየው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ግንድ እንደሚወድቅ፣ በጀርባው ተዘረረ። ከሰደርያው ጋር የሰጠሁት የራስ ቁር ተንከባሎ ኩሬ ውስጥ ገባ። እጆቹን አወራጨ፣ እግሮቹን አወራጨ፤ መካከሉ ግን ንቅንቅ አላለም። ጋትሉዋክ ፊቱን ወደ ጎማው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ሄጄ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ። ዘለበቱ በጎኑ ነው፤ እጄን አሳረፍኩበት። መፍታት ነበረብኝ። አልፈታሁም።

"ውብሸት" አልኩት። ጭቃ ላይ የተንጋለለ ሰው ዶክተር አይባልም። "ያ የረዳት መምህርነት ቦታ…"

"የቱ?"

"እኛ ክፍል። እኔ ልቀርበት የነበረው።"

ሰማዩን እያየ ጥቂት አሰበ።

"እሱማ ያንተ ነበር" አለ። "ሁላችንም እናውቅ ነበር እኮ። የአክስቴ ባል ናቸው የነገሩልኝ። ምነው፣ አታውቅም ነበር እንዴ?"

"አውቃለሁ።"

"እና?"

እና ምን ልበለው? ቢክድ የምለው ነበረኝ። የበጀት ጉዳይ ነው ቢለኝ የምመልሰው ነበረኝ፤ ቢያለቅስ እንኳ እንዴት አድርጌ ዝም እንደምለው አስቤበታለሁ። ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው "ያንተ ነበር" ይለኛል ብዬ ግን አልተዘጋጀሁም። ሾፌሩ ይሰማል አላለም፤ ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ያችን ዓረፍተ ነገር ይኸው ሰጠኝ፤ እንዳሰብኩት ግን ሰማይ አልተከፈተም፤ የተከፈተው ዘለበቱ ብቻ ነው። ከሰደርያው ጎትቼ አወጣሁትና አቆምኩት።

ውብሸት ቆሞ ልብሱን አየ። ከዚያ ወደ ጋትሉዋክ፣ ከዚያም ወደ እኔ አየ። ያን ጊዜ ነው እውነተኛ እፍረት በዚያ ፊት ላይ ያየሁት። ክንዴን ያዘኝ፣ አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ።

"ሰሌ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ይሄን… መውደቄን፣ ለቢሮ ሰው እንዳትነግርብኝ። በማርያም።"

የሰው እንጀራ መውሰዱን ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው፣ ጭቃ ላይ መውደቁን በሹክሹክታ ደበቀ። ምን ይደረጋል። በማርያም ከተባልኩ ደግሞ አላፈርስም፤ እሺ አልኩት። ጋትሉዋክም ተለምኖ ማለ፤ የሱ መሐላ ግን ሳቅ ሳቅ ይለው ነበር።

ኮሎሎ ስመለስ "ውብሸት አመነ፤ ቦታው ያንተ ነበር አለኝ" ብዬ አበሰርኩ። ጌታቸው መዋጥ አቁሞ አየኝ። የት ነገረህ? መንገድ ላይ። እንዴት ሆኖ? እንዲሁ። እንዲህ ያለ ነገር ዶክተር ያህል ሰው እንዲሁ መንገድ ላይ ይናገራል? እውነቱን ለማስረዳት ጭቃውን መናገር ነበረብኝ፤ ጌታቸው ደግሞ የቢሮ ሰው ነው። እንጀራዬን ጠቅልዬ ጎረስኩ። እነሱ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ታሪኬን ስጀምር አይጨርሱልኝም፤ በሐዘኔታ ራሳቸውን እየነቀነቁ እራት ጨምር ይሉኛል። እኔ ግን ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ከቢሮው አንድም ሰው አልሰማም።

እናንተ የቢሮ ሰዎች አይደላችሁም።