ከራስጌዬ የበቀለው እሬት

የበደለችኝ ሰሚራ ትባላለች። የልጄ የጀማል ሚስት ናት። ስሟን አስቀድሜ የምጽፈው ኋላ ላይ ሆዴ ባብቶ እንዳልሸፋፍንላት ብዬ ነው። በእርግጥ በድላኛለች ወይስ አልበደለችኝም የሚለውን እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም። አንድ ቀን በድላኛለች እላለሁ፤ በማግስቱ ደግሞ አንቺ ሴትዮ ግፍ ፍሪ እላለሁ። እናንተ እስከ መጨረሻው ስሙኝና ፍረዱ። ስትፈርዱ ብቻ ቀስ በሉ፤ እኔ ቸኩዬ ፈርጄ የሆንኩትን ታያላችሁ። ፊደሌም በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተለቀመ ነውና ቢጣመም እለፉት።

ነገሩ የአበባ ነገር ነው።

ድሮ እኛ አበባ ቤት ውስጥ አናስገባም። አበባ የሚባለው ደጅ ያለው ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ጨፋ ሜዳ ላይ አላህ የሚያበቅለው፣ ከብት የሚበላው። ከብት የሚበላውን ነገር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማየት ምን ይባላል? እንዲህ ስላችሁ ቤታችን ባዶ ነበር ማለቴ አይደለም። ግድግዳው በስፌት ተሸፍኖ ነበር የምታገኙት፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ አለላው እንደ ፍም የጋለ። ሙሽራ ስትገባ እጇ የሚታወቀው በግድግዳዋ ነበር። የእኔን ግድግዳ ለማየት ከጨፋ ሮቢት ድረስ ይመጡ ነበር። ይህን የምለው ራሴን ለማወደስ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ቤት የሚገባ ቅጠል ቢሆንም ሥራ ነበረው። አሪቲው ቤቱን ያውደዋል፣ ጤናዳሙ ለሆድ ቁርጠት ይሆናል። ዝም ብሎ ተቀምጦ ውሃ ብቻ የሚጠጣ ተክል አናውቅም። ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚበላ ዘመድ ነበረን፤ እሱም ቢሆን ወሬ ያወራልናል።

ሰሚራ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። ጀማል የበግ ነጋዴ ነው፤ በግ ጭኖ ሄዶ ሚስት ይዞ መጣ። በጓ የት እንደደረሰች አልጠየቅኩም። ጥሩ ልጅ ናት፤ ሰላቷን አታሳልፍም፣ ድምጿን ከፍ አታደርግም፣ እኔን እማማ ነው የምትለኝ። አንድ አመል ብቻ አለባት፤ ባዶ ዕቃ አይታ ማለፍ አይሆንላትም። የዘይት ጀሪካን ባዶ ሲሆን እኛ ውሃ እንቀዳበታለን። እሷ አንገቱን ቆርጣ፣ ቀለም ቀብታ፣ አፈር ሞልታ አበባ ትተክልበታለች። የዱቄት ወተት ጣሳ፣ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ፣ የለስላሳ ጠርሙስ፣ ያረጀ የባጃጅ ጎማ፣ አንዱም አልቀራትም። ከፊሉን በረንዳው ላይ ደረደረች፣ ከፊሉን በሲባጎ አንጠለጠለች። ቤታችን የሚመጣ ሰው እንደ ሰጋጅ ጎንበስ ብሎ ሩኩዕ ሳያደርግ በራችንን ማለፍ አልቻለም።

ታቹን ደግሞ በሚስማር ትበሳዋለች። ለምን ብላት፣ ማስቀመጫው ካላፈሰሰ ሥሩ ይበሰብሳል አለችኝ። የሚያፈስ ዕቃ ፈልጋ ስታገኝ ደስ የሚላት ሴት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እኛ የሚያፈስ ዕቃ ስናገኝ ነበር የምናዝነው።

ዳንቴሉንማ ተዉት። ቴሌቪዥኑን አለበሰችው፣ ሬዲዮውን አለበሰችው፣ የስኳሩን ዕቃ አለበሰችው። አንድ ቦታ ብዙ ከቆየሁ እኔንም ታለብሰኛለች ብዬ ቶሎ ቶሎ ቦታ እቀያይር ነበር። ይህን ሁሉ ቻልኩ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት በከሚሴ ሙቀት ከሰው በፊት ቆርቆሮ ሲጠጣ እያየሁ ቻልኩ። እንዲያውም፣ ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ፣ ያቺ ቀይ አበባ የፈካች ቀን ሁለት ጊዜ በረንዳ ወጥቻለሁ። ሰሚራ ስታየኝ ዶሮ ፍለጋ ነው አልኳት። ዶሮ የለንም።

አንድ ቃሏ ግን ሆዴ ገብቶ ቀረ። የእኔ ክፍል መስኮቱ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው። አንድ ቀን መጋረጃ ልትሰቅል ገብታ መስኮቱ ጋ ቆመችና፣ «እማማ፣ ይቺ ክፍል እኮ ለአበባ የተሠራች ናት» አለች። ብላ ወጣች። እኔ ግን ቃሉን ይዤ ቀረሁ። በዚያ ክረምት ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ሳሉም አልለቅ ብሎኛል። የታመመች አሮጊት አለች፤ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አለ፤ ቦታ ያጣ አበባ አለ። የቀረውን እናንተም ታስቡታላችሁ። እኔም አሰብኩት።

አሁን ስለ አንድ መንገዴ ልንገራችሁ። ጉልበቴ ሳይከዳኝ በፊት ሐሙስ ሐሙስ የጀማል አባት ወዳረፈበት መቃብር እሄድ ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ በሕይወት እያለ ጠርቼው የማላውቀውን ስም አሁን ምን ብዬ እጀምራለሁ። ሴት መቃብር አትመላለስ የሚሉኝ ነበሩ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ዱዓ አድርጌ ነው የምመለሰው እላቸዋለሁ። አጥሩ ዝቅ ያለ ነው። ገባ ብዬ፣ ራስጌው ላይ ያስተከልኩትን እሬት አረሙን ነቅዬለት እወጣለሁ።

እሬት በእኛ አገር ቦታው መቃብር ነው። ለቁስልና ለጡት ማስጣያ ደጁ ላይ የሚተክል ይኖራል፤ ቤት ውስጥ ግን ማንም አያስገባውም። ማንም ሳያጠጣው አይደርቅም፣ ከብት አይቀምሰውም፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲመለስ እሱ እዚያው አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። የሚተከለው ከራስጌ በኩል ነው። ይህን ያዙልኝ።

ጀማል ሰንበቴ ገበያ የሄደበት ቀን ነበር። እኔ ጎረቤቴ ሀዋ ዘንድ ስጫወት ቆይቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። ክፍሌ ስገባ ከአልጋዬ ራስጌ በርጩማ ቆሟል፣ በርጩማው ላይ ዳንቴል ተነጥፏል፣ ዳንቴሉ ላይ ሰማያዊ ማንቆርቆሪያ ተቀምጧል። ማንቆርቆሪያውን አውቀዋለሁ። የጀማል አባት ዕድሜውን ሙሉ ለሰላት ውዱእ ሲያደርግ የታጠበበት ነው። ታቹ ቢበሳም መጣሉ አልሆንልኝ ብሎ ከሳጥኔ ሥር ደብቄው ነበር። አሁን ክዳኑ የለም። በክዳኑ ፋንታ እሬት በቅሎበታል። ከራስጌዬ። አፈሩ በደንብ ተጠቅጥቆ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አልጋው ላይ አልተቀመጥኩም፤ አልጋው ላይ ጋደም ካልኩማ ነገሩ ተፈጸመ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ሞቼ ይሆን እንዴ የሚል ነው። አትሳቁ። ሰው ሲሞት ማን ይነግረዋል? ብቻ ጉልበቴ ይወጋኝ ስለነበር የሞተ ሰው ጉልበቱን አያመውም ብዬ ተጽናናሁ። ቀጥሎ ያሰብኩት ግን ሰሚራን ነው።

በዚህ መሃል ሀዋ እሷ ቤት የረሳሁትን ሻሽ ይዛልኝ መጣች። እኔን መሬት ላይ አየች፣ ቀና ብላ እሬቱን አየች።

«ያ ሉባባ፣ ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

«ገና ነኝ» አልኳት።

ሀዋ ብዙ ምራት ያሳለፈች ሴት ናት። አራት ወንድ ልጅ ድራለች፣ ከአራቱም ቤት ተጣልታ ወጥታለች። ማንቆርቆሪያውን ዞር ብላ ከኋላው አየችው፣ ዳንቴሉን በጣቷ ነካችው። «በምላስ የምታባርር ምራት አይቻለሁ» አለች። «በኩርፊያ የምታባርርም አይቻለሁ። እንዲህ አሳምራ የምታባርር ግን ወላሂ አላየሁም።» ከዚያ ክፍሉን ነው የፈለገችው አለች። እኔም ያሰብኩት እሱን ነበር፤ ሰው አፍ ላይ ስሰማው ግን የባሰ እውነት ሆነ።

ጓዜን ሸከፍኩ። ታናሽ ወንድሜ ጨፋ ሮቢት አለ። ቤቱ መስኮት የለውም፤ መስኮት ከሌለው ክፍል ለአበባ ብሎ የሚያስወጣኝ የለም። ሁለት ቀሚስ፣ መስገጃዬንና መቁጠሪያዬን በአንሶላ ቋጠርኩ። ከግድግዳው ላይ ደግሞ በልጅነቴ የሰፋኋትን አንዷን ስፌት አወረድኩ። ስፌቷ የነበረችበት ቦታ ክብ ሆኖ ነጭ ቀረ፤ ሌላው ግድግዳ በዕድሜ ጠቁሯል። ያቺን ነጭ ክብ በመዳፌ ዳሰስኳት። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከኖርኩበት ቤት የሚቀረው ይኸው ነው አልኩ። ሀዋ ባጃጅ ልትጠራ ወጣች። ለእሷ እንዲህ ያለ ቀን ብርቅ አይደለም፣ በፍጥነት ነው የምትሠራው።

ሰሚራ እጇ አፈር እንደሆነ ከጓሮ ገባች። ቋጠሮውን አየች።

«እማማ፣ የት ሊሄዱ ነው?»

«በሕይወት ወዳሉት» አልኳት።

አልገባትም። እሬቱን አየችና አልወደዱትም እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ያኔ አፌ ተከፈተ። ያልኳትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። ባሌን የቀበርኩ ሴት ነኝ፣ እሬት የት እንደሚተከል የሚያስተምረኝ የለም አልኳት። ክፍሉን ከፈለግሽ አፍ አለሽ፣ ቅጠል አትላኪብኝ አልኳት። ሌላም ሌላም። እሷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ቆማ ታየኛለች፤ ፊቷ ላይ የጥፋተኛ መልክ ብፈልግ አጣሁ። ያየሁት የግራ መጋባት ነው። እኔ ግራ ስጋባ እሷም ግራ ስትጋባ፣ ሁለታችን እንደ ሁለት ደንቆሮ ቆምን።

«እማማ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይሄ እኮ ከአባባ ነው የመጣው።»

ለካስ ታየኝ ነበር። ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ የውጭ ጫማዬን አድርጌ አልጋዬ ጫፍ ላይ እቀመጥ ነበር። የትም አልሄድም፤ ብቻ ጫማዬን አደርጋለሁ፣ አሥር ሲሆን አወልቃለሁ። ማንም ያየኝ አልመሰለኝም። ሰሚራ አይታ ጀማልን እናትህ ሐሙስ የት ነበር የምትሄደው ብላ ጠየቀችው። ነገራት። እናቴ እንደዚያ እሬት የምትንከባከበው ነገር የለም አላት። መቃብሩ ላይ ካለው እሬት ሥር ከበቀሉት ግልገሎች አንዷን አምጣልኝ ብላ ለመነችው፣ አመጣላት። ማንቆርቆሪያውን ስትጠርግ አገኘችው። የራሱ ዕቃ ነው፣ ደግሞ ታቹ ተበስቷል፣ ለተክል ከዚህ የተሻለ የለም አለች። ከራስጌዬ ለምን አደረግሽው ብላት፣ ጀማል ከአባባ ራስጌ ነው ያለው ስላለኝ ነው አለች። ክፍሏ ለአበባ የተሠራች ናት ያልሽውስ ብላት፣ «አዎ፣ ታዲያ እማማ ብቻዎን የሚቀመጡት ለምንድን ነው ብዬ ነው» አለች።

አሁን እናንተ ፍረዱ። ከመቃብር ላይ ነገር አይወሰድም፤ ወስዳለች። እሬት ከተኛ ሰው ራስጌ አይደረግም፤ አድርጋለች። የደበቅኩትን ዕቃ ሳትጠይቀኝ አውጥታለች። ሦስት በደል ነው። አንድ በአንድ ስቆጥራቸው እያንዳንዱ ያስቆጣል። አንድ ላይ ሳያቸው ግን ቁጣዬን ፈልጌ አጣሁት። ሻሼን ወደ ዓይኔ ወሰድኩ። ሀዋ ከበሩ ላይ ሆና የባጃጁ አቧራ ነው አለች። አቧራ ነው አልኩ። ባጃጁ ውጭ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ሀዋ ራሷ ተሳፍራበት ገበያ ሄደች።

አመሻሹ ላይ ጀማል ሲመጣ ያዝኩት። እሷስ የአገሩን ወግ አታውቅም፣ አንተ ግን የከሚሴ ልጅ ነህ፣ እሬት የት እንደሚሆን ታውቃለህ አልኩት። «እማ፣ እኔ ለበረንዳ መስሎኝ ነው» አለኝና እራት ጠየቀ። ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፤ ግማሹን ሠርቶ ግማሹን ለሴቶች ይተዋል፣ ሴቶቹ በዚያ ግማሽ ይፋጃሉ።

ስፌቷን መልሼ ሰቀልኳት። ሰሚራ ትንሽ ጠማለች ብላ አስተካከለችልኝ። አልጠመመችም ነበር። ስተኛ እሬቱን ከቦታው ማንሳት ከበደኝ፣ ከሥሩ መተኛትም ከበደኝ። ትራሴን ወደ ግርጌ አዞርኩና ተኛሁ። እንዲህ ሲሆን ደግሞ እግሬ ወደ ጀማል አባት ተዘረጋ። እሱ ላይ እግሬን ዘርግቼ አላውቅም። እግሬን ሰብስቤ አደርኩ፤ ጉልበቴ ደግሞ ይህን አልወደደም።

በማግስቱ ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሰላት፣ ተነሳሁ። በርጩማውን ከነማንቆርቆሪያው እየጎተትኩ መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ወደምትወጣበት አደረስኩት። የውሃ ጆግ ይዤ እሬቱ ላይ ጎንበስ አልኩ። እጄን ታጠብኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ክንዴን እስከ ክርን ታጠብኩ። ውሃው በቅጠሎቹ ወርዶ፣ በአፈሩ ገብቶ፣ በተበሳው ታች ጠብ ጠብ አለ። ሰሚራ ድምፁን ሰምታ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

«እማማ፣ እሬት እኮ ውሃ ሲበዛበት ይበሰብሳል።»

«የማንቆርቆሪያው ባለቤት በቀን አምስት ጊዜ ነበር ውሃ የሚነካው» አልኳት። «አልበሰበሰም።»

እግሬ ቀረ። እግሬን እሱ ላይ አልታጠብም። ጆጉን ይዤ በሰሚራ አጠገብ አልፌ በረንዳ ወጣሁ፤ ቀይዋ አበባ ያለችበትን የቲማቲም ቆርቆሮ በእግሬ ጠጋ አደረግኩና እሷ ላይ ታጠብኩ።